በእንድሪስ ተራ

ኮምቦልቻ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጃችን ለኢስራ እንድሪስ
ቼናይ፣ ህንድ

አሰላሙ አለይኩም ብዬ ልጀምር። አባትሽ አጠገቤ ተቀምጦ «ሰላምታውን እንዳታበላሸው» እያለኝ ነው። እንደምን ከርመሻል? የቤቴ እመቤት አትጠገብ ደግሞ የህንድ በርበሬ ከእኛው ይበልጣል ወይ ብለህ ጠይቅልኝ ብላኛለች። እኛ ደህና ነን። ደብዳቤሽን የእኛዋ ነፃነት ከቴሌግራም ላይ አውጥታ በወረቀት አትማ አመጣችልን። አባትሽን ታውቂው የለ፣ ስልክ ላይ ያለ ጽሑፍ ደብዳቤ አይመስለውም። በስልክ እንዳታናግሪው ደግሞ ከወፍጮ ሞተር ጋር ዕድሜውን ጨርሶ ጆሮው የለም። እናም አንቺ ትጽፊያለሽ፣ እኔ በተሻለው ጆሮው እየጮኽኩ አነብለታለሁ፣ እሱ መልሱን ያዝዘኛል፣ እኔ ያዘዘኝን ትቼ የራሴን እጽፋለሁ።

አባትሽ ለወፍጮ ሠራተኞች ጥናትሽ የሚሆነውን የሳንባ ፎቶ ተነሳ ወይ ላልሽው፣ አዎ ተነስቷል። ማለዳ በሚኒባስ ወደ ደሴ ወጣን። የሐረጎን ዳገት ስንወጣ ሳሉ ጠናበትና ሾፌሩ መስኮት ክፈቱለት ብሎ ተሳፋሪውን ሁሉ በብርድ ፈጀው። ከፒያሳ በባጃጅ ዩኒቨርሲቲው ድረስ ሄድን። ያንቺ የቀድሞ ተማሪ፣ ፎቶ አንሺው ጀላል፣ በር ላይ ቆሞ ጠበቀን። እንደ አማች ነው የተቀበለን። አባትሽ አዲሱን ኮቱን ለብሶ ነበር፣ ገና ከመግባቱ አስወለቁትና ቅር አለው። ክፍሉ ውስጥ ያለው መሣሪያ አንድ ትልቅ ክብ ነገር ነው፣ መሐሉ ክፍት፣ ሰው በጠረጴዛ ተኝቶ የሚገባበት። እንድሪስ ዞር ዞር ብሎ አየውና «ሞተሩ ጥሩ ነው፤ ግን ምንድን ነው የሚፈጨው?» አለኝ። አንተን ነዋ አልኩት።

አንድ ችግር ገጠመን። መሣሪያው ራሱ «ትንፋሽ ይሳቡ፣ ይያዙ» ብሎ ይናገራል፣ አባትሽ ግን አይሰማም። ጀላል ዘዴ ፈጠረ። ከመስታወቱ ጀርባ ሆኖ እጁን ሲያነሳ ትንፋሹን እንዲይዝ፣ ሲያወርድ እንዲለቅ ተስማሙ። ጀላል እጁን አነሳ፣ አወረደ፤ አባትሽ ግን አልለቀቀም። ፊቱ እስኪጠቁር ድረስ ይዞት ቆየ። ሮጠን ስንገባ ምን ቢለን ጥሩ ነው? «ልጄ በደንብ እንድታየው ብዬ ነው።»

እኔ ለምን ለጥናቱ እንዳልተመዘገብኩ ዳግመኛ ጠይቀሻል። ልጄ፣ እኔ ምን ሆኜ? የወፍጮው ድንጋይ ጋ ቆሞ ዱቄት ሲተነፍስ የኖረው አባትሽ ነው። እኔ በሩ አጠገብ ሚዛኔ ላይ ሆኜ ነፋስ እየተቀበልኩ ነው የኖርኩት። የእኔን ሳንባ ብታዪው የሕፃን ነው። የታመመውን ሰው ቦታ አልሻማም።

አባትሽ ያዘዘኝ ይህን ነው፦ በደንብ ብይ፣ ሰላትሽን አትርሺ፣ ቀዝቃዛ ነገር አትጠጪ።

በእህል ሚዛን እያስቀመጥኩ የመዘንኩሽ
ቀለሙ


ቼናይ፣ ኅዳር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወአለይኩም ሰላም ጋሼ ቀለሙ፤ ሰላምታውን አላበላሹትም። እትዬ አትጠገብን በርበሬው ያቃጥላል እንጂ አይጣፍጥም ይበሉልኝ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ።

ምስሎቹ ከደሴ ደርሰውናል። ስም የላቸውም፣ ቁጥር ብቻ ነው ያላቸው። ማን የማን እንደሆነ አንባቢው እንዳያውቅ ነው ደንቡ። ግን ጋሼ፣ ቁጥር ሠላሳ አንድን ገና ስከፍተው አባቴን አወቅሁት። በቀኝ በኩል አንዲት የጎድን አጥንት አለች፣ ተሰብራ ጠማማ ሆና የገጠመች። የሞተሩ ቺንጋ፣ ያ የጎማ ቀበቶ፣ ተበጥሶ ደረቱን የመታው ጊዜ ትዝ ይልዎታል? ሐኪም ቤት አልሄድም ብሎ ወጌሻ ጠቅልሎት ነው የዳነው። እኔ ከትምህርት ቤት ስመጣ «ደክሞት ተኝቷል» ብላችሁኝ ነበር። እውነቱን የሰማሁት ካደግሁ በኋላ ነው፣ አጥንቷን ያየኋት ደግሞ ገና አሁን፣ ባሕር ተሻግሬ። ለአስተማሪዬ ነገርኩት። የአባትሽን ሌላ ሰው ያንብበው አለኝ፣ ትክክል ነው። እኔ ግን ሥራ ስጨርስ ከፍቼ ዝም ብዬ አየዋለሁ። ናፍቆት ሰውን ምን እንደሚያደርግ ይመልከቱ፤ የሰው ልጅ የአባቱን ፎቶግራፍ ያያል፣ እኔ የአባቴን ጎድን አያለሁ።

እውነቱን ንገሪን ብላችሁኛል። ጤነኛ ሳንባ በምስሉ ላይ ጥቁር ነው፣ አየር ነውና። የአባቴ ግን በየቦታው ነጭ ነጭ ብሏል። በልጅነቴ ወደ ቤት ሲገባ ቅንድቡና ሽፋሽፍቱ ነጭ ሆኖ «አረጀሁ አይደል?» እያለ ያስቀኝ ነበር። ያ ዱቄት ከቅንድቡ ይታጠባል፣ ከውስጥ ግን አልወጣም። በጣም ተጎድቷል ጋሼ። ወፍጮው ለአቤ ከተከራየ ወዲህ ሄዶ መቆሙን ካልተወ፣ እባክዎ እርስዎ ያስቆሙልኝ።

የወፍጮው ድምፅ ይናፍቀኛል። ያን ጊዜ ሳይሰማኝ ነበር የምኖረው፤ መብራት ጠፍቶ ቀጥ ሲል ነበር ቀና የምለው። በርበሬ የሚፈጭበት ቀን ሰፈሩ ሁሉ ሲያስነጥስ፣ እርስዎ በየማስነጠሱ «ይማርሽ፣ ይማርህ» ሲሉ ሚዛኑ ሲጠፋብዎት፤ እሱንም እዚህ ለማንም ማስረዳት አልቻልኩም።

አንድ ነገር ብቻ አደራ። ሁለተኛው ፎቶ የካቲት ላይ ነው። አንዱ ብቻውን ምንም አይነግረንም። በሽታው ቆሟል ወይስ እየገፋ ነው የሚለው የሚታወቀው ሁለቱ ጎን ለጎን ሲታዩ ነው። ያቺ ቀን እንዳታልፍ። የመመረቂያ ፈተናዬ ሰኔ ነው፤ ከዚያ ክረምቱን እናንተ ጋ ነኝ ኢንሻአላህ።

ልጅዎ ኢስራ


ኮምቦልቻ፣ ጥር 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለኢስራ

መልስ ስላዘገየሁ ይቅርታ አድርጊልኝ። ምን ሆናችሁ ብለሽ ደጋግመሽ ጽፈሻል። ምንም አልሆንንም። አባትሽ ደህና ነው። ብርዱ ትንሽ ይዞት ነበር እንጂ ደህና ነው። በቪዲዮ አሳዩኝ ያልሽው ኔትወርኩ እንቢ ብሎ ነው። አትጠገብም ደህና ናት፣ ነፃነትም ደህና ናት። ያዘዘኝ ነገር የለም፣ ሰላም በላት ብሏል።

የየካቲቱን ቀን አልረሳነውም። አታልፍም። አንቺ ፈተናሽን ብቻ አስቢ። አብሽሪ።

ቀለሙ


ኮምቦልቻ፣ የካቲት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለኢስራ

ደስ የሚል ደብዳቤሽ ደረሰን። እንዳልሽው ቁጥር ሠላሳ አንድ በቀጠሮው ቀን ተነስቷል። ብቻችንን አልሄድንም፣ የሰፈራችን መረዳጃ የቅሬያችን ዳኛ ኑርሁሴንም፣ የወፍጮ ቤቱ ጸጋውም፣ ሌሎችም አብረውን ወጡ። ሚኒባሱን ሞላነው። ጀላል ለሥልጠና አዲስ አበባ ሄዷል አሉን፣ የማያውቀን አንድ አዲስ ልጅ ነው ያነሳው። ካርዱን አየ፣ ቁጥሩን ጻፈ፣ በቃ።

እንዴት ነበር ላልሽው፣ ቀላል ነው። ጠረጴዛው ብቻ ጀርባ ላይ ይቀዘቅዛል። ከላይ ቀይ ብርሃን መጥቶ ደረት ላይ በመስመር ያርፋል። ከዚያ የሴት ድምፅ «ትንፋሽ ይሳቡ፣ ይያዙ» ትላለች፤ ረጋ ያለች ድምፅ ናት፣ ሰው አታስደነግጥም። ዓይን ጨፍኖ ማለፍ ነው። ወዲያው ያልቃል።

ስለ ወፍጮው የማላውቀውን ጻፉልኝ ብለሻል። ይህን ታውቂ እንደሆነ እንጃ። ከደጋን መንገድ የመጣች አንዲት ነፍሰ ጡር፣ ቡዜ ትባላለች፣ ወረፋ ላይ ሳለች ምጥ ያዛት። ሴቶቹ ይዘዋት ወደ ጤና ጣቢያ ሄዱ። አባትሽ ከረጢቷን ከቦታው አላነሳም። ከኋላዋ ያሉት አንድ በአንድ ተራዋን እየገፉ አደረሱላት፣ እሱ ፈጨላት፣ እኔና ጸጋው ተሸክመን ቤቷ ድረስ ወሰድንላት። ሰው ሄዶ ተራው ይቀራል ማለት በእኛ ወፍጮ ቤት ነውር ነበር። እንድሪስ ተራ አያስበላም። ያን ጊዜ ሁላችንም ጉልበት ነበረን፣ ሳቅም ነበረን። ሰሞኑን ያን ዘመን ሳስብ እውላለሁ።

አባትሽ ደህና ነው።

ቀለሙ


ቼናይ፣ መጋቢት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ ቀለሙ

ሰላምታውን ለሌላ ጊዜ ይያዙልኝ።

ቁጥር ሠላሳ አንድን ሲያነብ የነበረው ባልደረባዬ እየሮጠ መጣና «አባትሽ ድኗል፣ ሳንባው ጠርቷል፣ እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም» አለኝ። ጋሼ፣ አመንኩት። ወንበሬን ገልብጬ ነው የተነሳሁት። ሁለቱን ምስሎች ጎን ለጎን አድርጎ አሳየኝ። እውነትም ነጩ ነገር የለም። ከዚያ ዓይኔ ጎድኑ ላይ አረፈ። አጥንቷ ቀጥ ያለች ናት። ሳንባ ሊሻለው ይችላል ብለን እንከራከር ይሆናል፣ ጠማማ ሆኖ የገጠመ አጥንት ግን በጥቂት ወር አይቃናም።

ቁጥር ተሳስቶ ይሆናል ብዬ ደሴ፣ ፎቶው የተነሳበት ክፍል ደወልኩ። ስህተት የለም፣ ካርዱን የያዙት ሽማግሌ ራሳቸው ናቸው የተኙት አሉኝ። ከዚያ ደብዳቤዎን አውጥቼ አነበብኩት። ረጋ ያለች የሴት ድምፅ ብለው ጽፈውልኛል። አባቴ ያቺን ድምፅ አይሰማትም፤ ጀላልም አልነበረም እጁን የሚያነሳለት።

ስለዚህ አባቴ ሞቷል። ማንም ሳይነግረኝ አወቅሁ። ለምን እንደደበቃችሁኝም ይገባኛል። ብቻዋን ናት፣ ሐዘን ላይ የሚይዛት ሰው የለም፣ ፈተና ደርሶባታል ብላችሁ ነው። ሁለት ቀን ቤቴን ዘግቼ አለቀስኩ። እንዳላወቀ ሰው ሆኜ ልቆይላችሁ፣ ክረምት ስመጣ ከአውሮፕላን ማረፊያው ተቀብላችሁ ትንገሩኝ ብዬ ወስኜ ነበር። «አባ ደህና በመሆኑ ደስ ብሎኛል» የሚል ደብዳቤም ጀምሬ ነበር።

ያላስቻለኝ ሌላ ነገር ነው። እዚያ ጠረጴዛ ላይ የተኛው ሰው በቀኝ ሳንባው፣ ከላይ በኩል፣ አንድ ትንሽ እብጠት አለበት። ዱቄት አይደለም። እንደዚህ ያለ ነገር ካንሰር ሊሆን ይችላል። ገና ትንሽ ነው፣ አሁን ከተያዘ በቀዶ ሕክምና ሊወጣ ይችላል። ከቆየ ግን አልችልም፣ ማንም አይችልም። ምስሉ ላይ የአባቴ ቁጥር ስላለ ያን ሰው ማንም አይፈልገውም። በመዝገቡ በሽታው ያለው አንድ የሞተ ሰው ላይ ነው።

እርስዎ እንዳይሆኑ ዱዓ ላደርግ እጄን አነሳሁ። ከዚያ ሌላ ሰው ይሁን ማለቴ መሆኑ ገብቶኝ አፈርኩ።

ስለ አባቴ አሁን ምንም አይጻፉልኝ። አንድ ነገር ብቻ፣ ዛሬውኑ ይንገሩኝ። የተኛው ማን ነው?

ኢስራ


ኮምቦልቻ፣ መጋቢት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ኢስራ

በነፃነት ስልክ «እኔ ነኝ» ብዬ ከላክሁልሽ ጀምሮ ብዕር ሳነሳ ስጥል ሰነበትኩ። መርዶ በወረቀት አይነገርም። ሰው ተሰብስቦ፣ ማለዳ በር አንኳኩቶ፣ አቅፎ ነው የሚነገረው። የእኔ ልጅ አንቺ ከአጥንት ላይ አንብበሽዋል። ይህን ያደረግንብሽ እኛ ነን።

እንድሪስ ያረፈው ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ፣ አርብ ቀን ነው። መስጊድ መሄድ አቅቶት ቤቱ ተቀምጦ ሰገደ። ከዚያ ትንፋሽ አጠረው። እጁን ይዤው ነበር፣ ብዙ አልተሰቃየም፤ ይህን ስጽፍልሽ እውነቴን ነው። በዚያው ቀን ቀበርነው። ጀናዛውን ከተሸከሙት አንዱ እኔ ነኝ፣ እስላሙም ክርስቲያኑም ሰፈር ሳይቀር ወጣ። ሰደቃውንም አትጠገብና ሴቶቹ እንደሚገባው አድርገውታል። ምንም አልጎደለበትም፣ ከአንቺ በቀር።

ከማረፉ በፊት «የልጅቷ የየካቲት ቀጠሮ እንዳይቀርባት» አለኝ። እኛ ደግሞ ቃሉን እንዳለ ያዝነው። ቅሬው ተቀመጠ። ኑርሁሴን «ልጅቷ በሰው አገር ብቻዋን ናት፣ ፈተናዋን ሳትጨርስ አይነገራትም፤ ፎቶው ካልሄደላት ግን ትጠረጥራለች» አለ። ሁሉም ልክ ነው አለ። ካርዱ አለ፣ ቀኑ ተቆርጧል፣ የጎደለው ሰው ብቻ ነው። ማን ይተኛ ሲባል በዕድሜ ለእሱ የምቀርበው እኔ ሆንኩ። ጸጋው «ቀለሙ እኮ ማተብ አለው፣ እንዴት በእንድሪስ ስም ይገባል?» ብሎ ሊያስቀን ሞከረ። ሳንባ ላይ ማተብ አይታሰርም አልኩት። ያን ቀን መጀመሪያ የሳቅነው ያኔ ነው። አየሽ፣ ለአንቺ የሚያስፈልግሽ ተራው መሞላቱ መሰለን። የማን ደረት እንደሆነ ለውጥ ያመጣል ብሎ ያሰበ አልነበረም።

መሣሪያው ውስጥ ስተኛ ዓይኔን ጨፍኜ የእሱን ስም እየጠራሁ ነበር። በየት በኩል እንደታመምኩ ካስረዳሽኝ ወዲህ እጄን በዚያ በኩል እያደረግኩ እተኛለሁ። እፈራለሁ ልጄ። በሩ ጥግ ነው የምቀመጠው፣ ነፋስ አለኝ እያልኩ ስመጻደቅ ነበር የኖርኩት።

ደሴ ሄጃለሁ። ጀላል ከሥልጠናው ተመልሶ ነበር፤ ምንም ሳይቆጣኝ እየመራ ከሐኪሙ ጋር አገናኘኝ። በመርፌ ከእብጠቱ ቀንሰው መረመሩ። አንቺ የፈራሽው ነው። ለቀዶ ሕክምናው አዲስ አበባ ጽፈውልኛል።

ቀለሙ


ቼናይ፣ ሚያዝያ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

አሰላሙ አለይኩም ጋሼ

ደብዳቤዎን ያነበብኩት ብቻዬን አይደለም። እዚህ ያሉት የእኛ አገር ልጆች ተሰብስበው ሳለ ነው ያነበብኩት። ከዚያ በሩቅ ሆኖ ለሚሰገድለት ሰው የሚሰገደውን ሰላት ሰገድንለት። አንዷ ልጅ የወልድያ ልጅ ናት፤ አባቴን ሳታውቀው አለቀሰችለት።

ደብቄ አላውቅም፣ አሁንም አልደብቅዎትም፤ ተቆጥቻለሁ። እናንተ ታኅሣሥ ላይ ስታለቅሱ እኔ እዚህ ስስቅ ነበር። «ደህና ነው» የሚለውን ቃል እያነበብኩ ገበያ ወጥቼ ሹራብ ገዝቼለታለሁ፣ ለሐረጎ ብርድ ይሆነዋል ብዬ። ለአባቴ በጊዜው ማልቀስ የእኔ ድርሻ ነበር። እናንተ ተካፍላችሁ ጨረሳችሁት።

ሁለተኛውን ምስል ከጥናቱ አውጥቼዋለሁ። ለአስተማሪዬ የሆነውን ሁሉ ነገርኩት። ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ «ባይዋሹሽ ኖሮ ያን ሰውዬ ማን ያየው ነበር?» አለኝ። ቁጣዬም አልበረደም፣ ምስጋናዬም አልቀረም፣ ሁለቱን ይዤ ነው የምውለው።

አዲስ አበባ ሲገቡ ብርድ እንዳይመታዎት። ከቀዶው በኋላ ያመኛል ብለው መሳል አይተዉ፣ ሳንባው የሚከፈተው በእሱ ነው። እትዬ አትጠገብ ከአጠገብዎ አይለዩ።

ልጅዎ ኢስራ


አዲስ አበባ፣ ግንቦት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለኢስራ

ያዘዝሽኝን አድርጌ እየሳልኩ ነው፤ ጎረቤት አልጋ ያሉት ሰውዬ ተማርረውብኛል። ጽሑፌ የተበላሸው እጄ ስለደከመ ነው፣ አንብቢው ብቻ። ቁጣሽን ተቀብያለሁ። ልክ ነሽ። የአንቺን ለቅሶ እኛ አልቅሰን መጨረሳችን ለአንቺ ደግነት መስሎን ነበር። ስትመጪ መቃብሩ ጋ እኔ ነኝ የምወስድሽ፣ የፈለግሽውን ያህል እንቆያለን።

ደህና ነዎት ወይ ብለሽ ጠይቀሻል። ለዚህ ጥያቄ እንግዲህ ምን አፍ አለኝ? ያን ቃል አንቺ ላይ ጨርሼዋለሁ። ሐኪሞቹ ቀደው አውጥተውታል፣ ንጹሕ ሳይሆን አይቀርም ይላሉ፣ ነገር ግን በየጊዜው ይታያል አሉ። አትጠገብ ከጎኔ ሆና «ድነሃል፣ ምንም የለብህም» ትለኛለች። ኑርሁሴን በስልክ «ቀለሙ፣ ድሮም ምንም አልነበረብህም» ይለኛል። ጸጋው ይምልልኛል። ልጄ፣ እኔ እነዚህን ሰዎች አውቃቸዋለሁ። አብረን ነው የዋሸንሽ። ሲያዝኑልኝ ድምፃቸው እንዴት እንደሚሆን አውቃለሁ፣ እና አሁን ማንን ልመን?

ስለዚህ ይህን አሰብኩ። ጉልበቴ ሲመለስ ደሴ ወጥቼ በራሴ ስም እመዘገባለሁ፣ የራሴ ቁጥር ይሰጠኛል፣ ፎቶውን እነሳለሁ። ምስሉ ሲደርስሽ ራስሽ ክፈችው። ጥሩ ከሆነ ጻፊልኝ። ክፉ ከሆነም ጻፊልኝ። በአትጠገብ በኩል አታድርጊው፣ ሽማግሌም አትላኪብኝ፣ ክረምት እስክትመጪም አታቆዪው። እንዳየሽው፣ በዚያው ቀን ንገሪኝ።

ቀለሙ